ሁለት ፍል ውሃ፣ አንድ ዓመት

የአዲስ አበባ ልጅ ሆኖ የከተማዋን አቆራቆር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወረዱ፣ ፍል ውሃ ታጠቡ፣ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት ይሠራልኝ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኛው እየኖርንበት ነው። ዘመኑ 1879 ዓ.ም.፣ ማለትም በፈረንጆቹ 1886 ማብቂያ ገደማ ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው የፈረንጅ ዓመት፣ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በዓለም ሌላኛው ጫፍ ሌላ ፍል ውሃ በአንድ ሌሊት ጠፍቷል። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሱ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አገሩ ኒውዚላንድ ነው፤ በሰሜኑ ደሴት ላይ ሮቶማሃና የሚባል አነስተኛ ሐይቅ ነበር። በዳርቻው ሁለት ግዙፍ የድንጋይ ደረጃዎች ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዱ ነበር፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ሮዝ። ማኦሪዎች ነጩን «ተ ታራታ» ይሉታል፣ ንቅሳት ያለበት ድንጋይ እንደማለት ነው። የሮዙ ስም ኦቱካፑአራንጊ ነው። ገበሬዎቻችን በተዳፋት መሬት ላይ የሚሠሩትን እርከን አስቡት። ከዚያ በአፈሩ ፋንታ በእያንዳንዱ እርከን ላይ ለብ ያለ ሰማያዊ ውሃ የሞላ ገንዳ አስቀምጡበት። ያን ጊዜ ሰዎች የዓለም ስምንተኛው ድንቅ ነገር ይሉት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ለመሆኑ ይህን ማን ሠራው? ራሱ ውሃው! ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ ከታች የእሳተ ገሞራ ሙቀት ያገኘዋል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ከድንጋዩ ሲሊካ የተባለውን፣ መስታወት የሚሠራበትን ማዕድን ያሟሟል። በጣም የጋለ ውሃ ብዙ ሲሊካ መሸከም ይችላል፤ የቀዘቀዘ ግን አይችልም። ስለዚህ ወደ ላይ ወጥቶ ሲበርድና ሲተን ሸክሙን ያራግፋል። በብዛት የሚያራግፈው ደግሞ ስስ ሆኖ በሚፈስበት በገንዳው ጠርዝ ላይ ነው፤ እዚያ ቶሎ ይበርዳላ! ጠርዙ ከፍ ባለ ቁጥር ከኋላው ብዙ ውሃ ይጠራቀማል፤ ሞልቶ ሲፈስ ጠርዙን እንደገና ይክበዋል። እንዲህ እያለ ለራሱ ግድብ ይሠራል፣ ከሥሩም ሌላ ገንዳ ይጀምራል። ዛሬ በፎቶ የምናውቀው የቱርኩ ፓሙካሌ ቅርጹ ተመሳሳይ ቢሆንም ማዕድኑ ይለያል፤ እሱ የተሠራው ማንቆርቆሪያችን ውስጥ በሚጋገረው በነጩ የኖራ ዘር ነው።

ወሬው አውሮፓ ደረሰና እንግዳ ጎረፈ። የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዑል አልፍሬድ በ1870 መጣ። ደራሲው አንቶኒ ትሮሎፕ በ1872 መጥቶ በሮዙ ገንዳ ውስጥ ታጠበ። አንዳንዱ እንግዳ ደግሞ ስሙን በእርሳስ ድንጋዩ ላይ ይጽፋል፤ ሲሊካው በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይደርቅና ጽሑፉን ያቆየዋል። «እገሌ እዚህ ነበር» የማለት አባዜ ያኔም ነበር ማለት ነው።

የቦታው ባለቤቶች ግን ቱሆውራንጊ የተባሉት የማኦሪ ጎሳ ነበሩ። ተ ዋይሮአ ከምትባለው መንደራቸው እንግዳውን ተቀብለው በጀልባ የሚያሻግሩት፣ እየመሩ የሚያስጎበኙት፣ ዋጋውንም የሚተምኑት እነሱ ናቸው። ገቢው ጥሩ ስለነበር ሂነሚሂ በተባለው የመሰብሰቢያ ቤታቸው ላይ የተቀረጹት ምስሎች ዓይናቸው በልማዱ ከዛጎል መሆኑ ቀርቶ በወርቅ ሳንቲም ተሠራ። ከአስጎብኚዎቹ ስመ ጥሩዋ ሶፊያ ሂነራንጊ ነበረች፤ አባቷ ስኮትላንዳዊ፣ እናቷ ማኦሪ።

በግንቦት 31 ቀን 1886 ሶፊያ እንግዶች ይዛ ሐይቅ ስታቋርጥ ማንም የማያውቀው የጦር ታንኳ ከነቀዛፊዎቹ ታየ ተባለ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን በክፉ ተረጎሙት። እናንተ እንደ ፈለጋችሁ ተርጉሙት፤ እኔ የምነግራችሁ ከአሥር ቀን በኋላ የሆነውን ነው። ሰኔ 10 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ታራዌራ የተባለው ተራራ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ በሮቶማሃና ሐይቅም በኩል አለፈ። ሐይቁ ከነጭቃው ወደ ሰማይ ፈነዳ። ወደ 120 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ማኦሪዎች ናቸው። ተ ዋይሮአ በጭቃ ተቀበረች። ሶፊያ ቤት የተጠለሉ ከ60 በላይ ሰዎች ግን ተረፉ። ሂነሚሂም የተጠለሉባትን አዳነች።

ሲነጋ ደረጃዎቹ የሉም። በኋላ ጉድጓዱ ውሃ ሞልቶ ከቀድሞው እጅግ የሰፋ ሐይቅ ሆነ። በ2011 ተመራማሪዎች ከሐይቁ ሥር የደረጃዎቹን ቅሪት አገኘን አሉ። በ2017 ደግሞ ሌሎች ተነስተው፣ ጀርመናዊው ሆክስቴተር በ1859 አካባቢውን ሲቀይስ የጻፈውን ማስታወሻ መሠረት አድርገው፣ የለም፣ የተቀበሩት ከሐይቁ ዳር መሬት ውስጥ ነው አሉ። ክርክር ገጠሙ።

የእኔ ሐሳብ ያለው ግን ከድንጋዩ ይልቅ ከሰዎቹ ጋር ነው። የዓለም መጻሕፍት «ስምንተኛው ድንቅ ነገር ጠፋ» ብለው ያለቅሳሉ። ቱሆውራንጊዎች በዚያች ሌሊት ወገናቸውን፣ መሬታቸውንና እንጀራቸውን አንድ ላይ አጡ። የተረፈችውን ሂነሚሂን እንኳ በ1892 አገረ ገዥው ሎርድ ኦንስሎው ገዝቶ እንግሊዝ አገር ወዳለው ርስቱ አስጫናት። እነሱ ግን ዋካሬዋሬዋ ወደተባለ ሌላ የፍል ውሃ መንደር ገብተው እንደገና እንግዳ መምራት ጀመሩ፤ ሶፊያም አብራ።

እኛም ዳሎል አለን። ጨው፣ ድኝና ብረት ተቀላቅለው የሠሩት ቢጫና አረንጓዴ ገንዳ፣ ምንጩ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር የሚደርቅና ቀለሙ የሚለወጥ። ፎቶውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መንገዱን የሚመሩትንና በዚያ ንዳድ ጨው እየቆረጡ የሚኖሩትን አፋሮችስ? የሄዳችሁ ካላችሁ፣ ስለ ቀለሙ ብቻ ሳይሆን የመራችሁ ሰው ማን እንደነበርም ጻፉልን።