የአየር ብክለት በሀዋሳ፦ እንዴት ይለካል? እንዴትስ ይቀነሳል?

የሲዳማ ክልል መዲና ሀዋሳ በሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች፣ ብስክሌትና ባጃጅ የሚበዛባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው ዋና መንገድ ያልፍባታል፤ በሐምሌ 2008 ዓ.ም የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክም የጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ማዕከል አድርጓታል። ትራፊኩና ፋብሪካው ሲበዛ የአየሩን ንጽሕና በዐይን መገመት በቂ አይሆንም፤ በዐይን የማይታየው ብክለት ከሚታየው ጭስ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ይችላልና።

ምን ይለካል?

ቀዳሚ ትኩረት የሚሰጠው ከ2.5 ማይክሮሜትር ለማይበልጠው ደቃቅ ብናኝ ነው። መጠኑ ከሰው ፀጉር ውፍረት ከሠላሳ እጅ አንዱ ያህል በመሆኑ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል፤ የመተንፈሻ አካላትንና የልብን በሽታ ያባብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ባሻሻለው መመሪያ መሠረት የዚህ ብናኝ የዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም፣ የ24 ሰዓት አማካዩ ደግሞ ከ15 ማይክሮግራም ሊበልጥ አይገባም።

ከሞተር የሚወጣው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም ይለካል። ይህ ጋዝ ከነዳጅ ተን ጋር በፀሐይ ብርሃን ሲገናኝ ኦዞን የተባለ ጋዝ ይፈጠራል። ኦዞን የሰብል ቅጠል ይጎዳል፤ ቦሎቄና ስንዴ በቀላሉ ከሚጠቁት መካከል ናቸው። በነፋስ ርቆ ስለሚጓዝም የከተማው ጭስ የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው።

እንዴት ይለካል?

አስተማማኙ ዘዴ የታወቀ መጠን ያለውን አየር በማጣሪያ ወረቀት ማሳለፍና ወረቀቱን አስቀድሞም ኋላም መመዘን ነው። ዋጋቸው ዝቅ ያሉ መሣሪያዎች ብናኙን በብርሃን ይለያሉ፤ ይሁንና የአየር እርጥበት ስለሚያሳስታቸው ከዋናው መሣሪያ ጎን ተቀምጠው መስተካከል አለባቸው።

ቦታውና ሰዓቱም ወሳኝ ናቸው። ነፋሱ ፋብሪካውን ከማለፉ በፊትና ካለፈ በኋላ የተገኙት ውጤቶች ሲነጻጸሩ የፋብሪካው ድርሻ ይለያል፤ መንገድ ዳርና ከመንገድ የራቀ ሰፈር ሲነጻጸሩም የተሽከርካሪው ድርሻ ይታወቃል። በሐይቅ ዳር ቀን ቀን ነፋሱ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ የመንፈስ ጠባይ አለው። በበጋ ማለዳ ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ተኝቶ ጭሱን አፍኖ ይይዛል፤ ዝናብ ግን ብናኙን ያጥባል። ስለሆነም የአንድ ቀን ልኬት ፍርድ ለመስጠት አይበቃም።

እንዴት ይቀነሳል?

በተሽከርካሪዎች ረገድ በዓመታዊው ምርመራ ጭሱን በመሣሪያ መለካት፣ ዘይት የሚበላ ሞተርን ማደስና የአየር ማጣሪያን በወቅቱ መቀየር ቀዳሚ እርምጃዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሏ በጥር 2016 ዓ.ም ይፋ ተደርጓል፤ ነባሮቹ ግን ለዓመታት መንገድ ላይ ስለሚቆዩ ምርመራው አይቀሬ ነው። ለሜዳማዋ ሀዋሳ የብስክሌት መንገድን ማስፋትም ተስማሚ መፍትሔ ነው።

ፋብሪካዎች በጭስ ማውጫቸው ላይ ብናኝ ማጥመጃ በመግጠም፣ በማገዶ ወይም በነዳጅ የሚሠራ ቦይለራቸውን በኤሌክትሪክ በመተካት ብክለቱን ከምንጩ ሊቀንሱ ይችላሉ። የሀገሪቱ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል መመንጨቱ ጥቅሙን ከፍ ያደርገዋል።

ሕጉ ምን ይላል?

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ ለፌዴራሉ ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ መመሥረት ይችላል።

ጭሱ የታየበትን ቀን፣ ሰዓትና የነፋሱን አቅጣጫ መዝግቦ የሚቀርብ ነዋሪ መርማሪው መቼና የት እንደሚለካ ይጠቁመዋል፤ አቤቱታውም ከወሬ ወደ ማስረጃ ይሸጋገራል።