የመዘናጋት ብክነት፦ ኤክስ-ኢንኤፊሸንሲ

ኢኮኖሚስቱ ሃርቪ ላይበንስታይን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ ግብፅ ውስጥ ስለነበሩ ሁለት የነዳጅ ማጣሪያዎች ያነሳል። በመካከላቸው ግማሽ ማይል እንኳ አልነበረም። የአንዱ የሠራተኛ ምርታማነት ግን ለዓመታት የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በመጨረሻ ደካማው ማጣሪያ አመራሩ ሙሉ በሙሉ ተቀየረለትና እነዚያኑ ሠራተኞች እንደያዘ በፍጥነት ይሻሻል ጀመር። ሰዎቹ ያው ከሆኑ የጎደለው ምን ነበር? ላይበንስታይን ለዚህ በውል ላልታወቀ ነገር “ኤክስ” የሚል ስም ሰጠው። አንድ ድርጅት በእጁ ባለው ሰው፣ መሣሪያና ገንዘብ ሊሠራ በሚችለውና በተግባር በሠራው መካከል ያለው ጉድለት ኤክስ-ኢንኤፊሸንሲ ይባላል።

በአማርኛ “የመዘናጋት ብክነት” ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። “ቅልጥፍና ማጣት” ከየት እንደመጣ አይናገርም፤ “የስንፍና ብክነት” ደግሞ ጣቱን ሠራተኛው ላይ ብቻ ይቀስራል። መዘናጋት ግን ከቦርድ ሰብሳቢው እስከ ቆጣሪ አንባቢው ሁሉንም ይይዛል፤ በተለይ ከኋላ የሚደርስበት ተፎካካሪ በሌለበት።

ስለ ሞኖፖሊ ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ ዋጋ መቆለል ላይ ያበቃል። ላይበንስታይን ግን ትልቁ ኪሳራ እዚሁ መዘናጋት ላይ ነው ይላል። ኤሌክትሪክ ለዚህ ዋና ማሳያ ነው፤ በአንድ ሰፈር ሁለት ኩባንያ ጎን ለጎን ምሰሶ ቢተክል ወጪው እጥፍ ስለሚሆን ሥራው ለአንድ ይሰጣል። ዳቦው ያልጣመው ሰው ሌላ ዳቦ ቤት ይሄዳል፤ መብራት የጠፋበት ግን ወዴት ይሂድ?

የደቡብ አፍሪካውን የኤሌክትሪክ ድርጅት ኤስኮምን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2018 የሠራተኞቹ ቁጥር ከ32 ሺህ ገደማ ወደ 48 ሺህ ገደማ ሲያድግ፣ የሸጠው ኤሌክትሪክ ግን በመጠኑ ቀነሰ። በ2007 የተጀመረው የሜዱፒ የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የመጨረሻው ዩኒት ለአገልግሎት የበቃው በጁላይ 2021 ማብቂያ ነው። በሳምንቱ የአራተኛው ዩኒት ጄኔሬተር ፈነዳ። እንዲህ ያለው ጄኔሬተር የሚቀዘቅዘው በሃይድሮጅን ነው፤ ለጥገና ሲባል ሃይድሮጅኑ መጀመሪያ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገፍቶ መውጣት አለበት፣ አየር የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የዚያን ዕለት አየሩ ሃይድሮጅኑ ተጠርጎ ሳይወጣ ገባ። የሥራ ደንቡ እንዳልተጠበቀ ኤስኮም ራሱ ተናግሯል። ዩኒቱ ወደ ሥራ የተመለሰው በ2025 ነው። በ2023 አገሪቱ ከ300 በላይ ቀናት በኃይል ፈረቃ አሳልፋለች።

ሆኖም መብራት በጠፋ ቁጥር “መዘናጋት” ማለት ቃሉን ማርከስ ነው። ኤስኮም አዲስ ማመንጫ ልገንባ ሲል መንግሥት ለዓመታት አልፈቀደለትም፤ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪም በ2007 መጨረሻ ጥፋቱ የመንግሥት መሆኑን በአደባባይ አምነዋል። ከወጪው በታች እንዲሸጥ ታዝዞ መለዋወጫ መግዣ ያጣ ድርጅትም ችግሩ ሌላ ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ ስቲግለርም የላይበንስታይንን ሐሳብ ከሥሩ ተቃውሞ፣ ብክነት የተባለው ሠራተኛው ለራሱ የመረጠው ዕረፍት ሊሆን ይችላል ሲል ተከራክሯል። ያ ዕረፍት በደንበኛው ሻማ የሚከፈል ሲሆን ግን ክርክሩ ብዙም አይዋጥልኝም።

መድኃኒቱ ድርጅትን መከፋፈል ብቻ ይመስለን ይሆናል። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ኮርፖሬሽኑ ለሁለት ተከፍሎ፣ ማመንጨትና ማስተላለፉ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈልና ሽያጩ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። የማን ጉድለት የት እንዳለ ለመለየት ይረዳል፤ ለደንበኛው ግን አማራጭ ሻጭ አልፈጠረለትም። ኢኮኖሚስቱ አንድሬ ሽላይፈር እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው መንገድ ለዚህ ይቀርባል፦ ገበያ የማያፎካክራቸውን ድርጅቶች ተቆጣጣሪው በመለኪያ ያፎካክራቸው፤ የአንዱ ታሪፍ በራሱ ወጪ ሳይሆን በአቻዎቹ ወጪ ይተመን። በአንድ አገልግሎት ሥር ባሉ ዲስትሪክቶች መካከልም ቢሆን፣ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ለመተካት እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደፈጀበት በየወሩ ማውጣት ሁለተኛ ምሰሶ መትከል አይጠይቅም።