ከ«ያልተፈለገ» ወደ «አሳሳች»፦ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች የኢሜይል ማስታወቂያ ሕጎች ታሪክና የአማርኛው ስያሜ

«አይፈለጌ መልእክት» በአማርኛ ቅርብ ጊዜ የተፈጠረ ስያሜ ነው። አወቃቀሩ ግን ከነ«አይበገሬ»፣ «አይነኬ» እና «አይረሴ» ጋር አንድ ነው፤ አሉታው «አይ-» በተደራጊ ግሥ ግንድ ላይ ይቀድማል፣ «-ኤ» ይከተላል። ስያሜው የሚመዝነው የተቀባዩን ፍላጎት ነው፤ መልእክቱ እውነት ይሁን ሐሰት አይናገርም። የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሕጎች ታሪክ ግን ከፍላጎት ተነሥቶ ወደ እውነትነት የተሸጋገረ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ ካልሆነ ጉዳይ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሪዞና ጠበቆች በዲቪ ሎተሪ ጉዳይ በክፍያ አገልግሎት እንደሚሰጡ የሚገልጽ ማስታወቂያ በዩዝኔት የውይይት መረብ ውስጥ ለሚገኙ በሺዎች ለሚቆጠሩ ቡድኖች አሰራጩ። ቀድሞ የታሸገ ሥጋ የንግድ ስም የነበረው «ስፓም» በአዲሱ ፍቺው በሰፊው የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ቅሬታው በዋናነት ማስታወቂያው ማንም ሳይጠይቀው ጉዳዩ ለማይመለከታቸው ሁሉ መድረሱ ነበር።

በ1997 ኔቫዳ ስለ ኢሜይል ማስታወቂያ ሕግ በማውጣት ከክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። በ1998 ዋሽንግተን ያወጣችው ሕግ ያልተጠየቀ ማስታወቂያን በጠቅላላ አልከለከለም። የከለከለው የመልእክቱን መነሻ መሰወርንና በርዕስ መስመሩ ላይ ሐሰት ወይም አሳሳች መረጃ ማስፈርን ነው። ለተቀባዩም በመልእክት 500 ዶላር፣ የደረሰበት ጉዳት ከዚያ የሚበልጥ ከሆነም የጉዳቱን ያህል ካሣ ወሰነ።

ሕጉ ብዙም ሳይቆይ የቋንቋ ጥያቄ አስነሣ። የክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ፣ በኢንተርኔት ገንዘብ ስለማግኘት የሚያስተምር ጽሑፍ በ39.95 ዶላር ይሸጥ በነበረ አንድ የኦሪገን ነዋሪ ላይ ክስ መሠረተ። ከመልእክቶቹ ርዕሶች አንዱ፣ ላኪው ትክክለኛውን አድራሻ አግኝቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ነበር። መጠይቃዊ ዐረፍተ ነገር የሚያረጋግጠው ነገር ስለሌለ በራሱ እውነት ወይም ሐሰት አይባልም። ያሳስታል የተባለው ከጥያቄው ጀርባ ያለው ታሳቢ ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ተቀባዩን የሚያውቅ ይመስላልና። በዚህ አኳኋን «ሐሰት» የተባለውን ሲመለከት፣ «አሳሳች» ከተባለው የሚረዱትን ይመለከታል። የሥር ፍርድ ቤቱ ሕጉ በክፍለ ግዛቶች መካከል ያለውን ንግድ ያለ አግባብ ይገድባል ብሎ ክሱን ዘጋ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2001 ውሳኔውን ሻረ፤ እውነተኛ መሆንን መጠየቅ ንግድን ያቀላጥፋል እንጂ አይጫንም የሚል ነበር መሠረቱ።

በአንጻሩ በፈቃድ ላይ የቆመው መንገድ ተዘጋ። ካሊፎርኒያ በ2003 ያለ ተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ የንግድ ኢሜይል መላክን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ ሥራ ላይ የሚውለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ነበር። በዚያው ዕለት ግን ካን-ስፓም የተባለው የፌዴራል ሕግ ጸና። ይህ ሕግ ላኪው ማንነቱን እስከገለጸና ተቀባዩ ከእንግዲህ አይላክልኝ የሚልበትን መንገድ እስከሰጠ ድረስ ያለ ፈቃድ መላክን ይፈቅዳል። የክፍለ ግዛቶችን የንግድ ኢሜይል ሕጎችም ሐሰትንና ማታለልን ከሚከለክሉት ክፍሎች በስተቀር ውድቅ አደረገ። በ2008 ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ በዚያው ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሻረ፤ ማንነትን ሰውሮ ያልተጠየቀ ኢሜይል በገፍ መላክን ሲከለክል የንግዱን ከፖለቲካውና ከሃይማኖቱ አልለየም ነበርና።

በ2025 የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ የክልከላውን ወሰን አሰፋ። ሕጉ ማስታወቂያነትን በሚደብቁ ርዕሶች ሳይወሰን፣ በንግድ ኢሜይል ርዕስ መስመር ላይ የሚገኝን ማንኛውንም ሐሰት ወይም አሳሳች መረጃ እንደሚያካትት ተረጎመ። የከሳሾቹ ቅሬታ ቅናሹ እንደሚያበቃ ተነግሮ ከዚያም በኋላ መቀጠሉ ነበር። እንግዲህ «ዛሬ ብቻ» በመሰለ አነጋገር ውስጥ ጊዜ አመልካቹና ገዳቢው ቃል የካሣ መነሻ ሊሆኑ ይችላሉ። ሊመዘን የማይችል የሻጭ ማሞካሸት ግን ከክልከላው ውጭ ነው።

ለኢትዮጵያው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 «አይፈለጌ» የሚለው ስያሜ ይስማማል፤ አዋጁ ልዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም መነሻው የተቀባዩ ቅድመ ፈቃድ ነው። ለዋሽንግተን ሕግ ሲውል ግን ስያሜው የሲያትልን አማርኛ አንባቢ በሁለት በኩል ያሳስታል። እውነተኛ የሆነ ግን ያልተፈለገ ማስታወቂያ የተከለከለ ይመስለዋል፤ ራሱ ከተመዘገበበት መደብር የመጣ ሐሰተኛ ርዕስ ደግሞ ካሣ ሊያስገኝለት እንደሚችል አይገነዘብም። ለእንዲህ ያለው ሕግ «አሳሳች የንግድ መልእክት» የሚለው የተሻለ ነው። በ«አይፈለጌ» ውስጥ ያልተጠቀሰው ባለቤት የማይፈልገው ተቀባይ ነው፤ «አሳሳች» ግን ከአድራጊ ግሥ የወጣ የባለቤት ስም በመሆኑ ኃላፊነቱን በላኪው ላይ ያኖራል።