ዜና ስደት ዘጌዴኦ፤ ስለ ሰውና ስለ ከብት

በ2010 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሚያዝያ በጌዴኦና በጉጂ መካከል ጠብ ተነሣ። እነዚህ ሕዝቦች በአንድ ገበያ የሚውሉ፣ ተጋብተው የሚዋለዱ፣ አባቶቻቸው ዳራሶና ጉጆም ወንድማማች እንደ ነበሩ የሚተርኩ ናቸው። ደም ሲፈስም ጎንዶሮ በሚሉት የእርቅ ሥርዓት እርድ አርደው ይማማላሉ። በዚያ ወራት ግን ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ተገደለ። በምዕራብ ጉጂ በቀርጫና በአካባቢው ይኖር የነበረ ጌዴኦ ልጁን አዝሎ ወደ ገደብ፣ ወደ ኮቸሬ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና እስከ ዲላም ሸሸ። ጉጂውም ከቀዬው ተነቀለ።

የከብቱ ነገር እንዲህ ነው። የጌዴኦ ምድር ሰው የበዛበት፣ መሬቱም ጠባብ ነውና ገበሬው መንጋ አይነዳም፤ አንዲት ወይም ሁለት ላም ከጓሮ አስሮ፣ ሣር አጭዶና የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ይቀልባል። ፍጉ ለእንሰቱ ይሆናል፤ እንሰቱ ቡናውን ያጠላል፣ ቤተሰቡንም ይመግባል። ስለዚህ በሽሽቱ ቀን ገመድ ለመፍታት ፋታ ያገኘ ፈታ፤ ያላገኘ ላሚቱን እንደ ታሰረች፣ ጥጃውንም ከጋጣ እንደ ተዘጋበት ትቶ ወጣ። የታሰረ ከብት ወደ ውኃ መሄድ አይችልም። ዘራፊም ደረሰ፤ የሚነዳውን ነዳ፣ የቀረውን አረደ። ይህን ጽፎ ማለፍ ለጸሐፊው ከባድ ነው፤ ላሚቱ ከማንም ጋር ጠብ አልነበራትምና።

በሰኔ ጠብ ዳግመኛ በረታ፤ የተፈናቀለውም ወደ 1 ሚሊዮን ተጠጋ። ሕዝቡ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ባላለቀ ሕንፃና በላስቲክ ሥር ክረምቱን አሳለፈ። በዓለም አቆጣጠር በ2018 በግጭት ምክንያት አዲስ ተፈናቃይ ከሁሉ የበዛባት አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ያ ቁጥር ግን የሰው ነው፤ የላምና የበግ፣ የንብ ቀፎም አይደለም።

በዘመነ ሉቃስ፣ በመጋቢት 2011 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ገደብ መጥተው ተፈናቃዮቹን አዩ። በግንቦትም መጠለያው ተነሥቶ ሕዝቡ ወደ ቀዬው ተመለሰ። ብዙው ያገኘው የተቃጠለ ቤትና ባዶ ጋጣ ነበር። እንሰት ተተክሎ ለመብል እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ላም የሌለው ደግሞ ፍግ የለውም፣ ልጁም ወተት አይቀምስም።

በመስከረም 2016 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ ደስታም ሆነ። ይህ ቅርስ በገበሬውና በጓሮ ላሙ ድካም የቆመ ነው። እንግዲህ ሹማምንት ሆይ፣ የጌዴኦና የጉጂ ሽማግሌዎችም ሆይ፣ እርቅ ስታወርዱ ስለ ጠፋው ከብት ጠይቁ፤ ተመላሽ ስትቆጥሩም ጋጣውን ገብታችሁ እዩ፤ ላም ላጣ ቤት ላም ይሰጠው።