እንጦጦ ይበርዳል፣ ላፕቶፓችን ይፈላል

ሰሞኑን ከሙቀት ጋር ስንታገል ሰነበትን። አዎ፣ ከሙቀት ጋር! ያውም በሐምሌ፣ ያውም ኮተቤ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ ቡና በሚጠጣበት ሰዓት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ጓደኛሞች ዕቁብ ገብተን ዕጣው ሲወጣልን አንድ የጌም ላፕቶፕ ገዛን። ቀን ቀን ቪዲዮ እናቀናብርበታለን፣ አኒሜሽን እንሠራበታለን፤ ማታ ማታ ደግሞ (አንዋሽም) ኳስ እንጫወትበታለን። ላፕቶፑ ሲጀምር አንበሳ ነው። አሥር ደቂቃ ሲያልፈው ግን ፋኑ ይጮኻል፣ የእጅ ማሳረፊያው ይግላል፣ ፍጥነቱም ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለሰኞ ጠዋት ቃል የገባንለት የማስታወቂያ አኒሜሽን ማክሰኞ ማታ አለቀ። ደንበኛው “አመሰግናለሁ፣ ሌላ ሰው አሠርቻለሁ” አለን። በዚያ ክፍያ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ልንከፍል ነበር።

መጀመሪያ ሻጩን ጠረጠርነው። “አሮጌ ቀብቶ ሸጠልን” አልን። አስፈተሽነው፤ ዕቃው ትክክለኛ ነው። ታዲያ ከመካከላችን አንዱ “ችግሩ ሙቀት ከሆነ እንጦጦ እናውጣው” አለ። ሳቅንበት። በማግስቱ ግን ላፕቶፑን አንጠልጥለን፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንን አልፈን፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ዳገት ተያያዝነው። የአንዳችን አክስት ቤት እዚያ ነው። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ላፕቶፑን ሰክተን ያንኑ ሥራ አስጀመርነው። ውጤቱስ? ያው በገሌ! አሥር ደቂቃ አንበሳ፣ ከዚያ ኤሊ።

አክስታችን ምሳ ሲያቀርቡልን ይቅርታ ጠየቁ። “ባቄላው ዘገየብኝ ልጆቼ፤ እዚህ ላይ ከእናንተ ሰፈር ይልቅ ብዙ እንጨት ይፈጃል” አሉ። እኛም ያን ጊዜ አልገባንም እንጂ የላፕቶፓችንን በሽታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግረውን ነበር።

ብርድ ያፈለሰው ከተማ

ከታሪኩ እንጀምር። ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. እንጦጦ ላይ የሰፈሩት ለአየሩ ብለው አልነበረም። ከተራራ ላይ ሆኖ ጠላትን ማየት ይቀላል። ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡትም እዚያው እንጦጦ ማርያም፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ተራራው ለጦር እንጂ ለኑሮ አልተመቸም። ይበርዳል፣ ነፋሱ አያስቀምጥም፣ ማገዶውም እየራቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ከታች ያለውን የፍልውኃን አካባቢ ወደዱትና በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው ጠየቁ። ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። በሌላ አነጋገር የዚህች ከተማ ልደት ከሙቀት ፍለጋ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው ከብርድ ሸሽቶ ወደ ሙቅ ውኃ ወረደ።

ከወረደ በኋላም የማገዶ ነገር አልለቀቀውም። በዙሪያው ያለው ዛፍ እየተጨፈጨፈ አልቆ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ሌላ ዋና ከተማ ሊያደርጓት መሥራት ጀምረው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የመጣው ይህ የባዕድ ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ እንጦጦንም የካንም አለበሰ። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የእንጦጦ እናቶች ጀርባቸውን አጉብጠው እየተሸከሙ ያወረዱት ጭራሮና ቅጠል የከተማዋን ምጣድ አሞቀ።

እዚህ ላይ የአክስታችንን ባቄላ እናምጣ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚፈላው ውኃ አዲስ አበባ በ92 ገደማ፣ እንጦጦ አናት ላይ ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል። ይፈላል እንጂ አይሞቅም! ስለዚህ ባቄላው ብዙ ይቆያል፣ ማገዶውም ብዙ ይነዳል። የእቴጌይቱ ወጥ ቤትም ከዚህ ሕግ አያመልጥም ነበር። ሳሳ ያለው አየር ያኔም ያስከፍል ነበር ማለት ነው።

የቁጥር እሽቅድምድም

አሁን ከእንጦጦ ወርደን ወደ ላፕቶፑ ሆድ እንግባ። ሲፒዩ ማለት በጥፍር የምታህል ቦታ ላይ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች የሚሠሩበት ዕቃ ነው። የሚጠጣው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1974 የአይቢኤሙ ሮበርት ዴናርድና ባልደረቦቹ አንድ ደስ የሚል ነገር አሳዩ። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ እያነሱ ሲሄዱ የሚፈልጉት ኃይልም አብሮ ስለሚያንስ ቺፑ ሳይግል ይፈጥናል። ለ30 ዓመታት ገደማ ዓለም በዚህ በረከት ኖረ። ሆኖም ቁጥሩን ለመጨመር የነበረው ሩጫ ከበረከቱ ፈጠነ። በ2001 (እ.ኤ.አ.) የኢንቴሉ ፓት ጌልሲንገር ለመሐንዲሶች ጉባኤ በዚህ አካሄድ የቺፕ ሙቀት በስፋቱ ሲመነዘር የኒውክሌር ማብለያን፣ ከዚያም የሮኬት አፈሙዝን፣ በመጨረሻም የፀሐይን ገጽ ሊስተካከል ነው ብሎ አስጠነቀቀ።

በዚያው ዓመት ቶምስ ሃርድዌር የተባለው ድረ ገጽ አንድ ቪዲዮ አወጣ። ኮምፒውተሮች ኩዌክ 3 የተባለውን ጌም እየተጫወቱ ሳለ ማቀዝቀዣቸው ከላያቸው ላይ ተነሣ። የኤኤምዲው አትሎን በቅጽበት ጭስ ሆነ። ፔንቲየም 3 ደርቆ ቆመ። ፔንቲየም 4 ግን እየተንፏቀቀም ቢሆን መጫወቱን ቀጠለ። ምስጢሩ ሙቀቱን እየለካ ፍጥነቱን በራሱ የሚቀንስ ጠባቂ በውስጡ መኖሩ ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ነገር ትሮትሊንግ ይሉታል።

እንግዲህ ይቺን ያዙልን። እኛን የሁለት ወር ኪራይ ያሳጣን ነገር ሲወለድ ጠላት ሆኖ አይደለም፣ ነፍስ አድን ሆኖ ነው። ላፕቶፓችን ሲዘገይ “ልቃጠል ወይስ ልንፏቀቅ?” ብሎ ራሱን ጠይቆ፣ መንፏቀቁን መርጦ ነው።

በ2004 (እ.ኤ.አ.) ሩጫው ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ኢንቴል ቴጃስ የተባለውን ቀጣይ ቺፑን ሰረዘ፤ ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 አወጣለሁ ያለውንም ተወው። ፊቱን አንድ ቺፕ ላይ ብዙ ኮር ወደ ማኖር አዞረ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ተርቦ የሚባል ብልሃት መጣ። ቺፑ ቀዝቀዝ ሲልለት ለጊዜው ይፈጥናል፣ ሲግልበት ወደ መደበኛው ይመለሳል። ከዚህ በኋላ በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር “እስከ” የምትል ትንሽ ቃል አስቀደመ። እስከ 5 ጊጋኸርዝ! “እስከ” ማለት ግን ሁልጊዜ ማለት አይደለም። አበበ እስከ ጎንደር ይሄዳል ማለት አበበ ጎንደር ይኖራል ማለት ነው እንዴ?

ከዚያ መሣሪያው ቀጠነ። የጌም ላፕቶፕ ሁለት ሴንቲሜትር በማትሞላ ገላ ውስጥ ሲፒዩና ግራፊክስ ካርድ አጭቆ ከ150 ዋት በላይ ይተፋል። የድሮዋን ባለ 100 ዋት አምፖል በእጁ የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ትልልቆቹም ተሰናክለውበታል። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የአፕል ማክቡክ ፕሮ ባለ ኮር አይ9 ሲወጣ፣ ከባድ ሥራ ላይ ፍጥነቱ ከመነሻው ቁጥር እንኳ በታች መውረዱ ተጋለጠ። ኩባንያው ስሕተቱ የሶፍትዌር ነው ብሎ በቀናት ውስጥ ማስተካከያ ለቀቀ።

ቁጥሩ የተለካው የት ነው?

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንመለስ። በላፕቶፑ ውስጥ ሙቀቱን ከቺፑ የሚቀበሉት ነሐስ መሰል ቱቦዎች ናቸው። በውስጣቸው ጥቂት ፈሳሽ አለ፤ ሲግል ይተናል፣ ዳር ላይ ደርሶ ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይፈስሳል። ይህን ቱቦ እ.ኤ.አ. በ1963 ሎስ አላሞስ ውስጥ ጆርጅ ግሮቨር ሠርቶ አሳይቷል። ቱቦው የታሸገ ስለሆነ ከፍታ ግድ አይሰጠውም። ችግሩ የሚመጣው መጨረሻው ላይ ነው። ሙቀቱን ከቱቦው ተረክቦ ወደ ውጭ የሚያወጣው ተሸካሚ አየር ነው፤ የእኛ አየር ደግሞ ስስ ነው።

አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ይቀላል። እንጦጦ ላይ በአንድ ሦስተኛ ገደማ። ፋኑ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ነው፤ አየሩ ግን ባዶ ቅርጫት እንደ ያዘ ተሸካሚ ነው፣ ይመላለሳል እንጂ ብዙ አያነሣም። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ለላፕቶፑ ስጦታ ነው። መሳሳቱ ግን ስጦታውን መልሶ ይወስዳል። ለዚህ ነው እንጦጦ ወጥተን ከጉንፋን በቀር ምንም ያላተረፍነው። ብርድና ማቀዝቀዝ አንድ አይደሉም! ብርድ ምን ያህል እንደሚሰማችሁ ነው፤ ማቀዝቀዝ ግን ሙቀቱን ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የላፕቶፕ ሲፒዩ ራሱን መግታት የሚጀምረው እንደ ዓይነቱ ከ95 እስከ 100 ዲግሪ ላይ ነው። ውኃ ደግሞ እኛ ዘንድ በ92 ይፈላል። ጌም ስትጫወቱ ጉልበታችሁ ላይ የተቀመጠው ቺፕ መገናኛ ካለች ጀበና ይበልጥ ይግላል ማለት ነው።

ብዙ አምራቾች መመሪያቸው ላይ መሣሪያው እየሠራ ሊወጣ የሚችለውን ከፍታ ይጽፋሉ፤ የተለመደው 3,048 ሜትር ነው፣ ማለትም 10,000 ጫማ። የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ቻርጀሮች ጀርባ ላይ ደግሞ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ። ይህ የቻይና ደንብ የሚጠይቀው ስለ ማቀዝቀዝ ሳይሆን ስለ ኤሌክትሪክ መከላከያ ነው፤ ስስ አየር ኤሌክትሪክንም እንደ ወፍራሙ አያግድምና። ቢሆንም ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ከ2,000 ሜትር በታች ያለ ሰፈር የለንም። ዕቃው ሲሠራ ማን እንዳልታሰበ ገባችሁ?

አየር ጭራሽ የሌለበት

ከአክስታችን ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ ተራራው ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ የተተከለውም እዚሁ እንጦጦ ላይ ነው። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ይህች ሳተላይት የሄደችበት ቦታ አየር የለም። ፋን ቢገጠምላት ምን ይገፋል? እዚያ ሙቀት የሚወጣው በጨረር ብቻ ነው። መሐንዲሶቿ ይህን ከመጀመሪያው አስበው ሠሯት። ለምን? የምትኖርበትን ቦታ ስለሚያውቁ።

ልዩነቱ ይህ ነው። ሳተላይቷ ለምትሄድበት ቦታ ተሠራች፤ የእኛ ላፕቶፕ ግን ለሌላ ሰው ቦታ ተሠርቶ ወደ እኛ መጣ። ምኒልክና ጣይቱ ቦታው አልስማማ ሲላቸው ወረዱ፣ ማገዶ ሲያልቅ የሚስማማ ዛፍ አስተከሉ። እኛስ? ከካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አምነን ሻጩን እንራገማለን።

እና ምን እናድርግ?

መውረጃ ስለሌለን መላ እንፈልግ። ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ሁለት ደቂቃ ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ከባድ ሥራ አሠሩት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ሙቀቱን ብረቱ ይውጠዋል፤ እውነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ቻሉት። ከቀጭኑ ይልቅ ወፈር ያለውን፣ ትልቅ ማስወጫ ያለውን ምረጡ። የኋላውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ፍራሽ ላይ በፍጹም! የየካ አቧራ ምሕረት ስለሌለው በየጥቂት ወሩ ፋኑን አስጠርጉት። ዕድሜው ከገፋ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል ያለውን ቅባት አስቀይሩ። የሲፒዩውንም የኃይል ጣሪያ ዝቅ አድርጉት፤ ረጅም ሥራ ላይ እየሮጠ ከሚወድቅ ረጋ ብሎ የሚሄድ ይቀድማል።

እኛ ይህንን አድርገን ላፕቶፑ አንበሳ ባይሆንም ኤሊነቱን ትቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሥራ በቀኑ አስረክበናል። ደንበኛው ሌላ ነው፤ የድሮው አልተመለሰም። ለአዲሱ ደንበኛ ግን ቀን ስንቆርጥ ከካርቶኑ ላይ አንብበን ሳይሆን ኮተቤ ላይ፣ በገዛ አየራችን፣ ግማሽ ሰዓት ለክተን ነው።