ዳፎዲል በሚኒሶታ

ዳፎዲል ናርሲሰስ በተሰኘው የእጽዋት ወገን ውስጥ የሚመደብ፣ ሽንኩርት ከሚመስል ኮረት የሚበቅልና በየዓመቱ ተመልሶ የሚያብብ አበባ ነው። የዱር ዝርያዎቹ በብዛት የሚገኙት በስፔንና በፖርቱጋል እንዲሁም በሰሜን አፍሪካና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ነው። ይህ የለዘብተኛ አየር ተክል በአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ መሬቱ ከአንድ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ በሚቀዘቅዝበት አገር፣ ከበረዶው መቅለጥ በኋላ ቀድመው ከሚታዩት አበቦች አንዱ ሆኗል። በቻስካ ከተማ አጠገብ ያለው፣ በ1958 የተመሠረተው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእጽዋት መናፈሻም በጸደይ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። (ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች፣ ወራቱ ግን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ብዙ ጀማሪ አትክልተኛ የሚፈራው ብርዱን ነው። ብርዱ ግን ለዳፎዲል ጠላት ሳይሆን የግድ የሚያስፈልገው ነገር ነው። የመጪው ዓመት አበባ በበጋው ኮረቱ ውስጥ ተሠርቶ ያድራል፤ ግንዱ ረዝሞ እንዲወጣ ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መቆየት አለበት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዳፎዲል እንዲያብብለት የሚፈልግ ሰው ኮረቱን በማቀዝቀዣ ለማቆየት የሚገደደው ለዚህ ነው። ሚኒሶታ ብርድ አይቸግራትም። የሚያጥራት ጊዜ ነው፤ በሰሜኑ ክፍል ውርጭ የማይወርድባቸው ቀናት 100 ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአትክልተኛው ሥራ በሁለት ጠባብ ወቅቶች ላይ ያርፋል፤ አንደኛው መሬቱ ከመቀዝቀዙ በፊት ያለው፣ ሁለተኛው አበባው ከረገፈ በኋላ ያለው።

የተከላው ጊዜ ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው፤ በቀደመ ቁጥር ይሻላል። ኮረቱ አፈሩ ሲቀዘቅዝ ሥር መስደድ ይጀምራል፣ ሥሩም በቂ ሳይሆን መሬቱ ከጠጠረ በጸደይ ደካማ ቅጠል እንጂ አበባ ላይሰጥ ይችላል። የዳፎዲል ሥር ከተቆረጠ መልሶ አያቆጠቁጥም፤ የተተከለውን ቆፍሮ ማየት ወይም ማዘዋወር በዚህ ጊዜ አይገባም። ሲገዛ ኮረቱን በእጅ መያዝ ብዙ ይናገራል። ጤነኛው ለመጠኑ ከበድ ይላል፣ ቡናማ ስስ ልባስ አለው፣ ታቹን በአውራ ጣት ሲጫኑት አይሰረጉድም። ታቹ የሚሰረጉድ ከሆነ ፉሳሪየም የተባለው ፈንገስ ገብቶበት ሊሆን ይችላልና መተው ይሻላል። ከዚያ ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት መቅበር፣ በመካከላቸው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ማራራቅ፣ ዝናብ ከሌለም ወዲያው ማጠጣት ነው።

ቦታው ውሃ የማይቋጥር መሆን አለበት። በጭቃማ አፈር ላይ ከፍ ያለ መደብ መሥራት ወይም ተዳፋት መምረጥ ኮረቱን ከመበስበስ ያድናል፤ ትኩስ ፍግ ግን አይቀርበው። ወደ ደቡብ የዞረ የቤት ግድግዳ ሥርም መትከል አይመከርም፤ እዚያ አፈሩ ቶሎ ይሞቅና ቡቃያው ገና የበረዶው ወራት ሳያልፍ ብቅ ይላል። ኅዳር ላይ መሬቱ መጥጠር ሲጀምር ገለባ ወይም የረገፈ ቅጠል ማልበስ ጥሩ ነው። ልባሱ የመሬቱን መቀዝቀዝና መቅለጥ መፈራረቅ ይቀንሳል፤ ይህ መፈራረቅ ነው ኮረቱን ከአፈር ገፍቶ የሚያወጣው። ወፍራም በረዶ ሲወርድ እሱ ራሱ ብርድ ልብስ ይሆናል።

አበባው የሚፈነዳው እንደ ዘመኑ አየር ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። በዚህ መካከል ውርጭ ሲወርድ ግንዱ ተልፈስፍሶ መሬት ላይ ይተኛል፣ ቅጠሉም ደርቆ ብርጭቆ ይመስላል፤ ያየው ሰው ሞቷል ብሎ ቢነቅለው አይፈረድበትም። ሳይነኩት ቢተዉት ግን ፀሐይ ስትሞቅ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ ይቆማል።

ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ስህተት የሚፈጸመው ከዚህ በኋላ ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ቅጠሉ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይገባዋል፤ ኮረቱ ምግብ የሚያከማቸውና የሚቀጥለውን አበባ የሚያዘጋጀው በእርሱ ነው። በጋው አጭር በሆነበት አገር እያንዳንዱ ሳምንት ዋጋ አለው። ሣር ለማጨድ የተጣደፈ ሰው ቅጠሉን አብሮ ካጨደው፣ ወይም እንዲያምር ብሎ ካሰረውና ከጎነጎነው፣ ቅጣቱ የሚታየው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ፍሬው እንዳይቋጠር የደረቀውን አበባ ብቻ ቀንጥሶ ቅጠሉን መተው ይገባል። ዘግይተው ቅጠል በሚያወጡ ዛፎች ሥር መትከል ሁለት ጥቅም አለው፤ በጸደይ ፀሐይ ያገኛል፣ ማጨጃም አይደርስበትም።

ከዝርያዎቹ ቢጫው ካርልተን፣ ነጭና ቢጫው አይስ ፎሊስ፣ አሌክ ግሬይ ያዳቀለው ድንክዬው ተት አ ተት እና መዓዛማው አክቴያ ብርዱን ይችላሉ። ታዜታ ከሚባሉት ባለ ብዙ አበባዎች ፔፐርዋይት ውጭ ከተተከለ አይተርፍም፤ የቤት ውስጥ አበባ ነው። ዘግይተው የሚያብቡና ቅጠለ አበባቸው የተደራረበ አንዳንድ ዝርያዎች ደግሞ ሙቀቱ በድንገት ሲመጣ እምቡጣቸው ሳይፈነዳ ይደርቃል። የሚኒሶታ ጸደይ ወደ በጋ የሚሻገረው በፍጥነት በመሆኑ ቀደም ብለው የሚያብቡትን ማስቀደም ብልህነት ነው።

አጋዘንና ሽኮኮ ቱሊፕን ሲፈጁ ዳፎዲልን አይነኩም፤ ላይኮሪን የተባለ መርዝ አለውና። መርዙ ለሰውም ነው። ኮረቱ ከሽንኩርት ስለሚመሳሰል ከምግብ ማስቀመጫ አጠገብ ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም፤ በ2015 የእንግሊዝ የኅብረተሰብ ጤና መሥሪያ ቤት ሱፐርማርኬቶች ዳፎዲልን ከአትክልትና ፍራፍሬ አርቀው እንዲሸጡ ያሳሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር። ፈሳሹም ቆዳ ስለሚያሳክክ ብዙ የሚተክል ሰው ጓንት ቢያደርግ መልካም ነው። ከዚሁ ተክል ግን የአልዛይመር ሕመምተኞችን የማስታወስ ችግር ለማስታገስ የሚሰጠው ጋላንታሚን የተባለ መድኃኒት ይገኛል።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቅጠሉ በዝቶ አበባው ካነሰ ኮረቶቹ ተጨናንቀዋል ማለት ነው። በሰኔ መጨረሻ፣ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ቦታው ሳይጠፋ፣ በመቆፈሪያ አውጥቶ በቀላሉ የሚላቀቁትን ብቻ መለያየት፣ አየር በሚገባበት ጥላ ሥር ማድረቅና በመስከረም እንደገና መትከል ነው።