ሪጅን 10 እና ሪጅን 11፦ ትእዛዝ የማይሰጡት የትምህርት ማዕከላት

በሪቻርድሰን ከተማ በስፕሪንግ ቫሊ መንገድ የሚመላለሰው ሐበሻ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። የሪጅን 10 የትምህርት አገልግሎት ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው መንገድ ላይ እንደሚገኝ ልብ ያለው ግን ጥቂት ነው። ስሙን የሰማ ሰውም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ በአገር ቤት ልማድ ይተረጉመውና «የዞን ትምህርት መምሪያ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከትምህርት ሚኒስቴር ወደ ክልል ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከመምሪያ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት በሚወርድ የትእዛዝ መሰላል ሥር ላደግን ሰዎች፣ በመንግሥትና በትምህርት ቤት መካከል የቆመ መሥሪያ ቤት ሁሉ አለቃ ቢመስለን አይገርምም። ይህኛው ግን አለቃ አይደለም። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ዲስትሪክቶቹ ደንበኞቹ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴክሳስ 20 እንዲህ ያሉ ማዕከላት አሏት። ሪጅን 10 ዳላስን፣ ኮሊንን፣ ሮክዎልን፣ ኮፍማንን፣ ኤሊስን፣ ሀንትን፣ ግሬሰንንና ፋኒንን እንዲሁም የቫን ዛንትን ካውንቲ በከፊል ይይዛል። ስለዚህ ዳላስ፣ ጋርላንድ፣ ፕሌኖ፣ ሜስኪት፣ ኧርቪንግ፣ አለንና ፍሪስኮ የሚኖሩ ወገኖቻችን በዚህ ሥር ናቸው። በፎርት ወርዝ በኩል ያለው ሪጅን 11 ደግሞ ታራንትንና ዴንተንን ጨምሮ በስተምዕራብ ያሉትን ካውንቲዎች ይሸፍናል፤ አርሊንግተንና ሉዊስቪል የዚህ ናቸው።

የቴክሳስ የትምህርት ሕግ ምዕራፍ 8 ለማዕከላቱ ሦስት ተግባር ይሰጣል፦ ዲስትሪክቶች የተማሪዎቻቸውን ውጤት እንዲያሻሽሉ መርዳት፣ ሥራቸውን በቅልጥፍናና ባነሰ ወጪ እንዲያካሂዱ ማገዝ፣ የስቴቱ ምክር ቤትና የትምህርት ኮሚሽነሩ የሚመድቧቸውን ፕሮግራሞች ማስፈጸም። ግብር መጣል አይችሉም። ርእሰ መምህር ማንሳት፣ ትምህርት ቤት መዝጋት፣ ዲስትሪክት መቅጣትም አይችሉም። ይህን የሚያደርገው በኦስተን የሚገኘው የቴክሳስ ትምህርት ኤጀንሲ (በተለምዶ ቲ.ኢ.ኤ.) ነው። በ2023 የሂውስተን ዲስትሪክት ተመራጭ ቦርድ ተነሥቶ በተሿሚዎች ሲተካ፣ በ2025 ደግሞ በፎርት ወርዝ ላይ ተመሳሳይ ውሳኔ ሲነገር፣ ወሳኙ ኮሚሽነሩ እንጂ የአካባቢው ማዕከል አልነበረም።

የማዕከሉን ቦርድ የሚመርጡት የየዲስትሪክቱ የቦርድ አባላት ናቸው። ዋና ሥራ አስኪያጁን ቦርዱ ይመርጣል፤ ኮሚሽነሩ ያጸድቃል። ገንዘቡ ከስቴቱ፣ ከፌዴራል መንግሥትና ዲስትሪክቶች ከሚከፍሉት የአገልግሎት ዋጋ ይመጣል። አንድ ዲስትሪክት የሪጅኑ አገልግሎት ካልጣመው ከሌላ ሪጅን ወይም ከግል ድርጅት መግዛት ይችላል። ስቴቱ በ2011 ከሕዝብ ትምህርት በጀት ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲቀንስ የማዕከላቱም ድርሻ አብሮ ተቀንሷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ማዕከሉ ያለው አማራጭ ሠራተኛ መቀነስ ወይም አገልግሎቱን የበለጠ መሸጥ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት ለምን አስፈለገ? ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ጥያቄ ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። በሜሪላንድ ካውንቲው ራሱ ዲስትሪክት ስለሆነ በስቴቱ ያሉት 24 ብቻ ናቸው። ቴክሳስ ውስጥ ግን ከ1,000 በላይ ዲስትሪክቶች አሉ። ከ130,000 በላይ ተማሪ ያለው የዳላስ ዲስትሪክት የራሱን አሠልጣኝ፣ የራሱን የመረጃ ባለሙያ፣ የራሱን ጠበቃ ይቀጥራል። በፋኒን ካውንቲ ያሉት እንደ ሳቮይና ኤክተር ያሉ ዲስትሪክቶች ግን ተማሪዎቻቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሕጉ የሚጠይቃቸው ሪፖርትና ፕሮግራም በአብዛኛው ከዳላስ የሚለይ አይደለም። ለእያንዳንዳቸው የንግግር ሕክምና ባለሙያ ወይም የኮምፒዩተር ኢንጂነር መቅጠር አይቻልም። ስለዚህ አንዱን ለአሥር ይጋራሉ። ኒውዮርክ ከ1948 ጀምሮ «ቦሲስ» በሚባሉት ማዕከላቷ የምትሠራው ይህንኑ ነው። አይዋም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመሳሳይ ድርጅቶች አሏት፤ በ2024 ግን ዲስትሪክቶች የአገልግሎቱን ገንዘብ ወደ ሌላ እንዲወስዱ የሚፈቅድ ሕግ ወጥቶ ብዙ አከራክሯል።

የቴክሳሶቹ አጀማመር ትንሽ ያስገርማል። የስቴቱ ምክር ቤት በ1965 የፈቀደው «የሚዲያ ማዕከላትን» ነበር፤ ዋና ሥራቸውም የትምህርት ፊልምና መሣሪያ ለትምህርት ቤቶች ማዋስ ነው። በ1967 ወደ አገልግሎት ማዕከልነት ሰፉ። ጎልማሳ አንባቢ እዚህ ላይ አገር ቤት በሬዲዮ የተከታተለውን ትምህርትና በደርግ ዘመን በየአውራጃው የነበሩትን የትምህርት መርጃ ማዕከላት ማስታወሱ አይቀርም። ከካርቶንና ከሸክላ የተሠራ የማስተማሪያ መሣሪያ ያወጡ የነበሩት ማዕከላት ሐሳባቸው ከዚህኛው ብዙም የራቀ አልነበረም፤ ኋላም አንዱ ትምህርት ቤት ማዕከል ሆኖ በዙሪያው ላሉት የሚያካፍልበት የ«ክላስተር» አሠራር ተከተለ። ልዩነቱ ያኛው ከላይ የሚታዘዝ መሆኑ ነው።

ዛሬ ፊልም ማዋሱ ቀርቷል። በማዕከሉ አዳራሾች በየጊዜው የሚሰጠው የመምህራንና የርእሳነ መምህራን ሥልጠና ነው። ከዚህም ሌላ ዲስትሪክቶች ለምሳ ቤታቸው ምግብ፣ ለቢሮአቸው ዕቃ በጋራ ተጫርተው እንዲገዙ ያመቻቻሉ፤ ተማሪን፣ ሠራተኛንና ገንዘብን የሚመለከተው «ፒምስ» የተባለው የስቴቱ መረጃ በትክክል እንዲላክ ያግዛሉ። ይህ የመጨረሻው ደረቅ ሥራ ቢመስልም የስቴቱ ድጎማ የሚሰላው ከዚያ በሚወጣ ቁጥር ስለሆነ በመረጃው ውስጥ የገባ ስሕተት ዶላር ነው።

የአማርኛ ጉዳይ

ልጅ በቴክሳስ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ለወላጅ ከሚሰጡት ቅጾች አንዱ በቤት ስለሚነገረው ቋንቋ ይጠይቃል። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ ከተጻፈ ልጁ የእንግሊዝኛ ፈተና ይወስዳል፤ ከተመዘገበ በ4 ሳምንት ውስጥ «ኤልፓክ» የሚባል የቋንቋ ችሎታ ኮሚቴ ውጤቱን አይቶ ድጋፍ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም ብሎ ይወስናል። የኮሚቴ አባላት ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል፤ ሥልጠናው በአብዛኛው የሚመጣው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሪጅኑ ማዕከል ነው። ስለዚህ የልጅዎን ዶሴ የሚያገላብጠው ሰው ስለ ደንቡ የሚያውቀውን ያወቀው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ወላጆች ልጃቸው «ዝቅተኛ ክፍል» እንዳይገባባቸው በመፍራት በቅጹ ላይ «እንግሊዝኛ» ብለው ይሞላሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ውጤቱ ግን የሚያሰጋ ነው። ፈተና መፈተን ወደ ድጋፍ ፕሮግራም መግባት ማለት አይደለም። ልጁ ድጋፍ ያስፈልገዋል ቢባል እንኳ ወላጅ አልፈልግም ማለት መብቱ ነው፤ ልጁ ግን ደረጃውን እስኪያሟላ ድረስ «ቴልፓስ» የተባለውን ዓመታዊ የእንግሊዝኛ ፈተና መውሰዱ አይቀርም። በአንጻሩ «እንግሊዝኛ» ተብሎ የተሞላለት ልጅ ክፍል ውስጥ ቋንቋ ቢቸግረው፣ መምህሩ ችግሩን ከስንፍና ወይም ከአእምሮ ዝግመት ሊቆጥርበት ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። በስቴቱ ደንብ መሠረት በአንድ ዲስትሪክት፣ በአንድ የክፍል ደረጃ፣ የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ 20 እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያሉ ተማሪዎች ከተገኙ ዲስትሪክቱ በመጀመሪያ ደረጃ የሁለት ቋንቋ ትምህርት ማዘጋጀት አለበት፤ ወይም ለምን እንዳልቻለ አስረድቶ ከስቴቱ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ከ20 በታች ከሆነ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ብቻ ይበቃል። በስፓኒሽ ይህ ቁጥር በቀላሉ ይሞላል። በአማርኛ ግን ቁጥሩ ተበታትኗል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ በአምስት ጎረቤት ዲስትሪክቶች በአንደኛ ክፍል ስድስት ስድስት አማርኛ ተናጋሪ ልጆች አሉ እንበል። ድምሩ 30 ነው፤ ነገር ግን አንዱም ዲስትሪክት ከስድስት በላይ አያይም፤ አንዱም አይገደድም።

እንደ መሐንዲስ ሳስበው አምስቱ ስድስቶች የሚደመሩበት የተፈጥሮ ቦታ ሪጅኑ ነው። አንዲት የንግግር ሕክምና ባለሙያ ለአሥር ዲስትሪክት የሚያጋራ ተቋም፣ የሠለጠኑ የአማርኛና የትግርኛ አስተርጓሚዎችን ወይም በጥንቃቄ የተተረጎሙ ቅጾችን ለአምስት ዲስትሪክት የማያጋራበት የቴክኒክ ምክንያት አይታየኝም። ችግሩ ከላይ ካየነው አሠራር የሚመነጭ ነው፤ ማዕከሉ የሚያዘጋጀው በሕግ የታዘዘውን ወይም ደንበኛ የጠየቀውን ነው። ዲስትሪክቶች የአማርኛ አገልግሎት እንዲጠይቁ ደግሞ አማርኛ በመረጃቸው ውስጥ መታየት አለበት። አማርኛ በስቴቱ የቋንቋ ዝርዝር ውስጥ የራሱ መለያ አለው። የሚሞላው ግን እናትና አባት በዚያች ቅጽ ላይ በሚጽፉት ነው።

በነገራችን ላይ በኤልፓክ ውስጥ የዲስትሪክቱ ሠራተኛ ያልሆነ ወላጅ፣ ልጁም እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያለ፣ አባል እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ትምህርት ቤቶች ለዚህ ወንበር ሰው ሲፈልጉ ይቸገራሉ። ጠይቃችሁ ብትገቡ ያሠለጥኗችኋል።

ልዩ ትምህርት

ልጃቸው የተለየ ድጋፍ የሚያስፈልገው ወላጆች «አርድ» ስለሚባለው ስብሰባ ያውቃሉ። ወላጅ ለልዩ ትምህርት ኃላፊው ወይም ለትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪ በጽሑፍ ምርመራ ሲጠይቅ ዲስትሪክቱ በ15 የትምህርት ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ወላጅ ፈርሞ ከፈቀደ በኋላ ደግሞ ምርመራው እንደ ደንቡ በ45 የትምህርት ቀናት ውስጥ ይጠናቀቃል። በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ትምህርት ቤቱ ወላጅ ስብሰባው እንዲገባው አስተርጓሚ ማቅረብን ጨምሮ አስፈላጊውን ማድረግ አለበት። የአሥራ ሁለት ዓመት እህት ስለ ወንድሟ የምርመራ ውጤት ለእናቷ ስትተረጉም ማየት ለእኛ የተለመደ ነው፤ ሕጉ ያሰበው ግን ይህን አይደለም።

የማዕከላቱ ልክ በደንብ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቲ.ኢ.ኤ. በ2004 የልዩ ትምህርት ተማሪዎችን ቁጥር ከ8.5 በመቶ በታች እንዲሆን የሚገፋ መለኪያ አወጣ። ሂውስተን ክሮኒክል ጋዜጣ ጉዳዩን በ2016 አጋለጠ፤ የስቴቱ ምክር ቤት በ2017 እንዲህ ያለውን ገደብ ከለከለ፤ የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤትም በ2018 መጀመሪያ ቴክሳስ ሕግ እንደጣሰች ወሰነ። ከዚያ በኋላ የመጣው የማስተካከያ ሥልጠና ወደ ዲስትሪክቶች ከደረሰባቸው መንገዶች አንዱ እነዚሁ ማዕከላት ናቸው። በጎውም ሆነ ክፉው መመሪያ ሲወርድ በእነሱ በኩል ያልፋል፤ መመሪያውን የማቆም ሥልጣን ግን የላቸውም።

ስለዚህ አቤቱታ ያለው ሰው ወደ ሪጅን 10 ወይም 11 ቢደውል በትሕትና ወደ ዲስትሪክቱ ይመልሱታል። የአቤቱታው መንገድ ከመምህሩ ወደ ርእሰ መምህሩ፣ ከዚያ ወደ ዲስትሪክቱ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ተመራጩ ቦርድ ነው፤ የልዩ ትምህርት ሕግ ተጥሷል ለሚል ደግሞ በቀጥታ ወደ ቲ.ኢ.ኤ. መጻፍ ይቻላል።

እኛ ራሳችን በቀጥታ የምንጠቀምባቸው በሮችም አሉ። ከአገር ቤት በዲግሪ መጥቶ ፓርኪንግ የሚጠብቅ የሒሳብ ወይም የፊዚክስ ሰው በመካከላችን አይታጣም። በቴክሳስ ማዕከላት ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ ዲግሪ ላለው ሰው የመምህርነት ፈቃድ የሚያስገኘው «አልተርኔቲቭ ሰርቲፊኬሽን» ነው። የውጭ አገር ትራንስክሪፕት ስቴቱ በሚቀበለው ድርጅት መገምገም አለበት፤ የትምህርቱ ዓይነት ፈተናና የእንግሊዝኛ ችሎታ ማስረጃም ይጠየቃል። በተለመደው መንገድ ከዚያ በኋላ አንድ የትምህርት ዓመት ደመወዝ እየተከፈለ በክፍል ውስጥ ይሠራል። ለታክሲና ለጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ደግሞ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ለመንዳት ከንግድ መንጃ ፈቃዱ ሌላ የሚጠየቀው የ20 ሰዓት ኮርስ በብዙዎቹ ማዕከላት ይሰጣል፤ በየ3 ዓመቱም በ8 ሰዓት ኮርስ ይታደሳል።